ጋሼ ኩራሞቺ ከሮቦት እግር ጋር የገቡበት ጸብ

የትም አገር ሂዱ፣ የትኛውም ሰፈር ግቡ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ሲፈነዳ ከቧንቧ ሠራተኛው ቀድሞ ይደርሳል፤ አይጠግንም፣ ያብራራል። ሰው ሲታመም ከሐኪሙ ቀድሞ የበሽታውን ስም ያወጣል። እዚህ ጃፓን፣ ሂጋሺ ኦሳካ፣ የቶርኖ ቤቶቹ መሀል፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ክቡር ጋሼ ኩራሞቺ ናቸው። አርባ አንድ ዓመት ቡሎን ሲያወጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቶርኖው ዝም አለ፤ እሳቸው ግን ዝም አላሉም።

የጋሼ ኩራሞቺ ጠላት እግር ነው። የሰው እግር ማለቴ አይደለም፤ እሱን "አንዴ የሆነ ስሕተት ነው፣ ምን ይደረግ" ብለው ትተውታል። የሚያንገበግባቸው የሮቦት እግር ነው። ሰው የሚመስል ሮቦት በቴሌቪዥን ሲራመድ ባዩ ቁጥር "እግር ለምን?" ብለው ይጮኻሉ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እኔም ቤት ይጮኻል።

"ሩዝ ማብሰያው እግር አለው?" ይሉኛል በጠዋት፣ ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ መንገድ ላይ ይዘውኝ።

"የለውም፣ ጋሼ።"

"ሩዙን ያበስላል?"

"ያበስላል።"

"ልብስ ማጠቢያውስ? እጅ አውጥቶ ሲያሽ አይተኸዋል?"

"ጋሼ፣ የቆሻሻ መኪናው እየሄደብኝ ነው!"

"በምን ነው የሚሄደው? በጎማ!"

በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬያለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ሳቄ አለቀ። እትዬ ቺዮኖ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመት ጎረቤታችን፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሰንብተው ከሆስፒታል ወጡ። በምርኩዝ ይንቀሳቀሳሉ፤ የቤታቸው መታጠቢያ ገንዳ ግን ጥልቅ ነው፣ ጠርዙን የሚያሳልፋቸው ይፈልጋሉ። የሰፈሩ ሴቶች ያንሷቸው እንዳይባል፣ ከመካከላቸው ልጅ እግር የምትባለው ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወረዳው የሚልካት አስታማሚ በወር አንዴ ብቻ ትመጣለች። ወረዳው ቁርጡን ነገረን፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤታቸው ሆነው የሚታጠቡበት መላ ካልተገኘ፣ በባቡር ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬድ የአረጋውያን ማቆያ ይወሰዳሉ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ከኖሩበት ቤት! ለሙከራ ማሽን እናውሳችሁ አሉን፤ አንዱ ሰው የሚመስል፣ ሌላው ባለ ጎማ። ምረጡ።

ምረጡ! ጋሼ ኩራሞቺ ባሉበት ሰፈር እንዲህ ዓይነት ቃል ይነገራል?

የሰፈሩ ማኅበር አራት ጊዜ ተሰበሰበ። የባለ እግሩ ሮቦት ኩባንያ የላከው ሰውዬ ሮቦቱን ይዞ መጥቶ እጅ አስነሣው፣ አስጨፈረው። አንዲት ሴት ገላዋን ከታጠበች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል፣ እኛ ጭፈራ እናያለን! ጠረጴዛ ደበደብኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ጋሼ ኩራሞቺ ተነሥተው ነበር።

"ቤት የተሠራው ለሰው ነው" ይላል የኩባንያው ሰውዬ። "ደረጃው፣ የበሩ እጀታ፣ ሁሉም በሰው ልክ ነው። ስለዚህ ማሽኑም ሰው መምሰል አለበት።"

"ድመትም ቤት ውስጥ ትኖራለች!" አሉ ጋሼ።

"ድመት በር አትከፍትም እኮ።"

"የእኔን ድመት አታውቃትማ! እሺ፣ ባትሪው ሲያልቅስ? ባለ ጎማው ባለበት ይቆማል። ያንተው ግን ይዘረራል፤ ለዚያውም እትዬ ቺዮኖን እንደታቀፈ!"

እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። ልክ ሲሆኑ ደግሞ አይቻሉም። ባለ ጎማው በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው ከሳንቃ መወጣጫ ሠርተው፣ ማሽኑን ከመንገድ እየነዱ፣ እንደ ሙሽራ አጅበው እትዬ ቺዮኖ ደጃፍ አደረሱት። እትዬ ቺዮኖ በምርኩዛቸው ተደግፈው ከላይ ቆመዋል።

"ጫማውን ያውልቅ" አሉ።

"ጎማ ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ከመንገድ አይደል የመጣው?"

"ከመንገድ ነው።"

"እንግዲያው ጫማ ነው።"

"እንጠርገዋለን! ልቅም አድርገን እንጠርገዋለን!"

"አንተ ኩራሞቺ፣ አንተ ጫማህን ጠርገህ ነው የሣር ምንጣፌ ላይ የምትወጣው?"

ጋሼ ኩራሞቺ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አዩ። የተሰበሰብነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን፤ እውነት ነዋ! ከተወለድን ጀምሮ በየቀኑ ደጃፍ ላይ ጫማ ስናወልቅ የኖርን ሰዎች፣ አራት ስብሰባ ተቀምጠን ይህ ለአንዳችን አልታየንም። ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም፤ ለአራቱም ጎማ የሱፍ ካልሲ አሰፍተው ተመለሱ። ማሽኑ አንድ ክንድ ያህል ተጓዘና ካልሲውን በዘንጉ ላይ ጠቅልሎ ቀጥ አለ።

የኩባንያው ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "የእኛው ጫማ ያወልቃል!" አለ። እውነቱን ነው፣ አወለቀ። ባለ እግሩ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ጎን ለጎን አሰልፎ አፋቸውን እንደ ደንቡ ወደ ውጭ አዞራቸው። አጨበጨብን። "ወይ ጨዋነት!" አሉ እትዬ ቺዮኖ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ሮቦቱ ቆመ። በካልሲ። ሃምሳ ስድስት ዓመት በጨርቅ በተወለወለ የእንጨት ወለል ላይ።

አንድ እርምጃ ብቻ ሄደ። ከዚያ እንደ ቁምሳጥን ወደቀና የወረቀቱን ተንሸራታች በር ይዞት ገባ። በጀርባው ተዘርሮ፣ "ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ" አለ በለሰለሰ ድምፅ።

ሁላችንም ወደ ጋሼ ኩራሞቺ ዞርን። እግርን የሚቀብሩበት ቀን ደርሶላቸዋል። እሳቸው ግን አንጋጠው ጣሪያውን የተሸከመውን ወፍራም አግዳሚ ያዩ ነበር።

"ወለሉን የማይነካ ነገር ጫማ አያወልቅም" አሉ ቀስ ብለው።

ሦስት ቀን መሰርሰሪያው ሲጮህ ዋለ። ጋሼ ከአልጋው እስከ ገንዳው በአግዳሚዎቹ ሥር ሐዲድ ዘረጉ፤ ሐዲዱ ላይ ሞተር፣ ከሞተሩ ሥር የሸራ መቀመጫ፣ ለእትዬ ቺዮኖ እጅ ደግሞ ሁለት ቁልፍ። ራስ የለውም፣ ክንድ የለውም፣ እጅ አይነሣም። መልኩ የሥጋ ቤት መስቀያ ነው። እትዬ ቺዮኖ ካልታጠቡ በሃያኛው ቀናቸው እየተንሳፈፉ ሄደው ሙቅ ውሃ ውስጥ ገቡ። እኔ ግን እስካሁን ያናድደኛል፦ ከአራቱ ስብሰባ በአንዱ እንኳ "እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ጠረጴዛ ደብዳቢውም ጭምር።

በወሩ መጨረሻ ቀን ከወረዳው ወይዘሮ ናጋታኒ የሚባሉ ተቆጣጣሪ ቅጽ ይዘው መጡ። እትዬ ቺዮኖ ገንዳ ውስጥ ነበሩ። ተቆጣጣሪዋ ሐዲዱን ወዘወዙ፣ ሞተሩን አዩ፣ ደህና ነው አሉ። ከዚያ ብዕራቸው ቆመ።

"አረጋውያን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳቸውና ይሰጥማሉ። ይሄ ማሽን አያናግራቸውም። የሚያነቃቸው ከሌለ መፍቀድ አልችልም።"

ያን ጊዜ ነው ከመታጠቢያው ኮሪደር፣ ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ድምፅ የተሰማው።

"...ስለዚህ ጉልበቱ ወደ ኋላ መታጠፍ ነበረበት፣ እትዬ! ይሰማሉ?"

"እሰማለሁ።"

"እንደ ሰጎን!"

"ለምን እንደ ሰጎን?"

"ጥሩ ጥያቄ!"

ወይዘሮ ናጋታኒ ጆሯቸውን አቀኑ። "የሚያናግራቸው ሌላ ማሽን አለ እንዴ? በየስንት ደቂቃው ነው?"

"አያቋርጥም" አልኩ።

"ባትሪው ምን ያህል ይቆያል?"

"አርባ ዓመት አልፎታል፣ አላለቀም።"

"ሰው በስሕተት ሊያጠፋው ይችላል?"

"ስንቶቻችን ሞክረናል።"

ከውስጥ ውሃው ተንቦጫረቀ። "ማንም እንዳይነካብኝ!" ብለው ጮኹ እትዬ ቺዮኖ።

ወይዘሮ ናጋታኒ ማኅተማቸውን አውጥተው "በቤታቸው ይቆዩ" የሚለው ላይ መቱ።

ከሸኘኋቸው በኋላ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩ። ጋሼ ኩራሞቺ በሩን ተደግፈው ብርዱ ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ተሻክሯል። ሐዲዱ ከተዘረጋ ወዲህ በየምሽቱ እራት ሰዓት ላይ ጩኸታቸው ከግድግዳዬ ወዲያ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ እትዬ ሲታጠቡ እዚህ ተቀምጠው ያወሯቸው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ሰጎን ራሷ ባለ ሁለት እግር ናት እኮ።"

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ ካየሁ ቆይቻለሁ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ከውስጥ የቧንቧው ድምፅ ተሰማ።

"ቆይ፣ ሙቅ ውሃ ልጨምር" አሉ እትዬ ቺዮኖ፣ "ይሄስ ሊረዝም ነው።"