ሁለት ምንጭ ያረጋገጠው ሊኑክስ

ዛሬ የደረሰብኝን ለግድግዳ ነግሬ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ግድግዳ ኮሜንት አይሰጥም።

ስለዚህ ለእናንተው ልናገር!

እንደምታውቁት ጋዜጠኛ ነኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ዓመታት ዜና ስሠራ አንድ ሕግ አለኝ፤ ሁለት ምንጭ ሳያረጋግጥልኝ "ዝናብ ዘነበ" አልልም። ራሴ በስብሼ ብገባም።

ባለቤቴ ሕይወት የሒሳብ መምህርት ናት። ቀን አልጀብራ ታስተምራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ኦንላይን ገብታ ሰው ትተኩሳለች።

በጌም ነው! ፖሊስ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ተረጋጉ።

አምስት አምስት ሆነው በቡድን የሚታኮሱበት ጌም ነው። የቡድኗ አለቃ ማርታ የምትባል የአንኮበር የቄስ ልጅ ናት። ስታወራ ጨዋ፣ ስትታኮስ አያድርስ።

ሕይወት ለረጅም ጊዜ የተጫወተችው በአሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከመጋሉ የተነሳ በዚህ በከተማችን ብርድ እጃችንን እንሞቅበት ነበር። በቅርቡ ጨርሶ አረፈ። እሷም ዕቃ በዕቃ አሰባስባ አዲስ ኮምፒውተር በራሷ እጅ ገጣጠመች። እኔ ብሎን አቀባይ ነበርኩ።

ለእኔ የተተወልኝ አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምን ይሁን? ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

"ማጣራት ያንተ ሥራ አይደል? አጣራና ንገረኝ" አለችኝ። "ብቻ ቅዳሜ ውድድር አለብን። የእኔ ካልከፈተ ቡድኑ በሙሉ ይወድቃል።"

አያችሁ? ኃላፊነት!

አጣራሁ። መጀመሪያ እዚሁ ጌም ቤት ላለው ለቢንያም ደወልኩ። "ሊኑክስ ላይ ሁሉም ጌም ይሠራል ጋሼ! ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው" አለኝ። ቀጥዬ ጫጫ ወዳለው ባልደረባዬ ወደ ታደሰ ደወልኩ። ኮምፒውተር ነፍሱ ነው። "ያለ ምንም ችግር!" አለኝ።

ሁለት ምንጭ። የማይተዋወቁ።

ጉዳዩ ተዘጋ!

ሊኑክሱ ተጫነ፤ አማረም። የሞከርናቸው ጌሞች ሠሩ። የውድድሩ ጌም ብቻ ከባድ ስለሆነ ኔትወርካችን ሲያወርደው ሰነበተና ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ሕይወት ሄድሴቷን አድርጋ ተቀመጠች። አራቱ ጓደኞቿ ገብተው እየጠበቋት ነው። ጌሙን ከፈተችው።

ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ወጣ። ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ ይህ ጌም አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም አለው፤ ፕሮግራሙ በሊኑክስ አይሠራም፤ ደህና ሁኑ።

ደህና ሁኑ!!

ሕይወት አልጮኸችም። ዞር ብላ አየችኝ ብቻ። ተማሪዎቿ ሒሳብ ለምን ተግተው እንደሚያጠኑ ዛሬ ገባኝ።

"ሕይወትዬ፣ የት ነሽ?" የማርታ ድምፅ ከሄድሴቱ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። "አራት ከሆንን እኮ ያሰናብቱናል!"

"ባለቤቴ አጣርቶልኝ ነው" አለቻት።

አሁን ዊንዶውስ አውርዶ መጫን የማይታሰብ ነው። "ቢንያም ጌም ቤት!" አልኩ። ባጃጅ ይዘን ከነፍን።

ቢንያም ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ። "ኧረ ጋሼ! እኔም እኮ ትናንት ማሽኖቼን ወደ ሊኑክስ ገለበጥኳቸው!"

"እንዴ! ታዲያ ሳትሞክረው ነው 'ይሠራል' ያልከኝ?"

"ምን እሞክራለሁ? አንብቤ ነዋ!"

"የት?"

"የርስዎ ፔጅ ላይ!"

የእኔ ፔጅ ላይ።

ይኸው፣ አሁን በምታነቡት ፔጅ ላይ! ከወራት በፊት ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሲያወሩ ሰምቼ "ጌም ሁሉ በሊኑክስ መሥራት ጀመረ" ብዬ ለጨዋታ ያህል ለጥፌ ነበር። ያ ሕጌ ለካ ለዜና ብቻ ነው የሚሠራው!

ወደ ታደሰ ደወልኩ። "ለመሆኑ አንተ ከየት ሰማህ?"

ሳቀብኝ። "ፖስትህን ሼር ያደረግኩልህን ረሳኸው?"

እንግዲህ የማይተዋወቁት ሁለት ምንጮቼ አንድ የጋራ ምንጭ ነበራቸው። እኔን!

ሕይወት ሁሉንም አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። "ሁለተኛ ከራስህ ጋር ልታወራ ስትፈልግ ስልክ አትደውል" አለችኝ። "ካርድ ይቆጥባል።"

ይኼኔ ቢንያም ጭንቅላቱን ያዘ። "ቆይ ቆይ! ጥጉ ላይ ያለችው ማሽን ገና አልተገለበጠችም። እሷ ዊንዶውስ ናት፤ ጌሙም አለባት!"

ሮጥን። ሰው አለባት! ጃኬታቸውን እስከ አገጭ ዘግተው፣ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው የኳስ ጌም የሚጫወቱ ትልቅ ሰው። አራት ለባዶ እየተመሩ።

ስማቸውን አልጠራም። ምንጭ ይጠበቃል።

የሕይወት ርዕሰ መምህር ናቸው ግን።

"መምህርት ሕይወት!" ብለው ከወንበራቸው ተፈናጠሩ። "እኔ እንኳ... የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ላዘጋጅ..."

"እኔም ለእሱው ነው የመጣሁት" አለችና ተቀመጠችበት።

ለጥቂት ደረሰች። ስለ ጌም ስለማላውቅ ያየሁትን ብቻ ልዘግብ። ማርታ ከአንኮበር "ቆይ... ቆይ... አሁን!" ትላለች። የጌም ቤቱ ሰው ጨዋታውን ትቶ ከኋላችን ተኮልኩሏል። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርቱን ረስተው "በግራ ነው! በግራ፣ መምህርት!" ይጮኻሉ። መጨረሻ ላይ ከዚህ ወገን ሕይወት፣ ከዚያ ወገን አንድ ሰው ቀሩ። ሕይወት ከግድግዳ ኋላ ቁጭ አለች። ጠበቀች።

ተኮሰች።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ! ማርታ እልልታውን አቀለጠችው። ርዕሰ መምህሩ እኔን አቀፉኝ። ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ!

"ጻፈው፤ አራት ለባዶውን ግን ተወው" ብለውኝ ነበር። ይቅርታ አለቃ፣ ውጤት አይደበቅም።

ያልጨፈረው ቢንያም ብቻ ነው። ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ይዞ ከፊቴ ቆመ።

"ጋሼ፣ እናንተ ጋዜጠኞች ስትሳሳቱ እርማት ታወጣላችሁ አይደል?"

"እናወጣለን።"

"በሉ እንግዲህ፣ ከዚህች ማሽን ይጀምሩ።"

ይህን የምጽፍላችሁ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ ዊንዶውስ እየጫንኩ ነው። ሁለተኛዋ ማሽን ላይ ደርሻለሁ፤ "እባክዎ ይጠብቁ" እያለችኝ ነው። ሕይወት የቤታችንን ኮምፒውተር ልትገለብጥ ሌላ ፍላሽ ይዛ ሄዳለች። ምን ልጫን ብላ አልጠየቀችኝም።

ሊኑክስን እንዳታሙት። ብዙ ጌም ይሠራበታል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተ ግን የምትጫወቱትን ጌም ራሳችሁ ሞክሩ እንጂ ሰው አትጠይቁ። በተለይ እኔን።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ፖስት ላይክ ያደረጋችሁ ብዙ ናችሁ። ከመካከላችሁ በእኔ ቃል ኮምፒውተሩን የገለበጠ አለ?

ሳታፍሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰላ ድንጋይም ብትሆኑ ፍላሼን ይዤ እመጣለሁ።