ቢጫው ብልቃጥና የአረፋ ጽዳት

እኔ ዕቃ ማጠብ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም። በተለይ አረፋ ሲደርስ። እዚህ ወልቂጤ ለአረፋ ዘመድ ከየአገሩ ይገባል፤ ስለዚህ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ይታጠባል። አንዲት ማንኪያ ሳትታጠብ ብትቀር አማቴ ማየቷ አይቀርም።

ባሌ ሙባረክ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ አሁን ማስተርሱን ይማራል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ቢሆንም ልጃችንን ሂክማን ሳጠባ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል። አሊን የሚባል ነገር አለ አለኝ፤ ሦስት ካርቦኖች በድርብ በድርብ ተያይዘው የተሰለፉበት። ሌላ ደግሞ አለ፤ ካርቦኑ ሃይድሮጅኑን ጨምድዶ ይዞ ከማንም ጋር አልነካካም የሚል። እዚያ ላይ ትንሽ የብረት ዘር ጣል ይደረጋል። ብረቱ ሁለቱን ያላቅቅና ካርቦኑን ከአሊኑ ጋር ያገናኘዋል፤ ከዚያ ዞረው ይገጥሙና ቀለበት ይሆናሉ። ብረቱስ? አልኩት። እንደገባ ይወጣል፣ ምንም አይወስድም አለኝ። እንዲህ ያለ አማላጅ የት ይገኛል?

ያ ቀለበት ስንት ወር ፈጅቶ አውራ ጣት በምታክል ብልቃጥ ገባ። ሙባረክ በማግስቱ አዲስ አበባ ወስዶ በመሣሪያ ሊያስመረምረው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ካልሆነ ትምህርቱ አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ነግሮኝ ይሆናል፤ ሂክማ እያለቀሰች ማን ይሰማል?

እሱ ገበያ ሲሄድ ብልቃጡን አየሁት። ባዶ ነው፤ ከሥሩ ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። ለጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሆናል ብዬ በውሃ አጠብኩት። አልለቀቀም። ደገምኩት። ጣቴም ስፖንጁም አይገባም። እልህ ያዘኝና ጎረቤቴ እትዬ ራህመት ጋ ቤንዚን ልለምን ሄድኩ፤ ልጇ ባጃጅ ነው የሚነዳው። በጣሳ ቀዳችልኝና ብልቃጡን ፀሐይ ላይ አዙራ አየችው። እዚህ ወረቀት ላይ ምን ይላል አለችኝ። ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሙባረክ ይላል።

ለካ ያ የስንት ወር ልፋቱ ነው። አንድ ዓመት በእኔ እጅ ታጥቦ ሄደ። እትዬ ራህመት እንባዬን ስታይ አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እነግረዋለሁ አለችና ጣሳዋን እንደያዘች ከእኔ ጋር መጥታ በራችን ላይ ጠበቀችው። በመጀመሪያ የእናቱን ጤና ጠየቀች። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ አወራች። ከዚያ የእኔን ንጽሕና አመሰገነች፤ ከልክ ያለፈ ንጽሕና ነው እስክትል። ያን ጊዜ ገባው።

ብልቃጡን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው።

«በምን አጠብሽው?»

«በውሃ።»

«በውሃ ብቻ?»

«ወላሂ፣ በውሃ ብቻ።»

ዱካው ላይ ዘፍ ብሎ ሳቀ። «ይሄ ነገር በውሃ አይሟሟም። እኛም ስንጨርስ በውሃ ነው የምናጥበው። ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ግን ሟሙቶ አብሮ ይደፋ ነበር።»

እትዬ ራህመት ጣሳዋን ቀስ አድርጋ ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ሽታው ግን አይደበቅም። ሙባረክ አሸተተ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ብልቃጡን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ ደወለ። ቀለበቱ ገጥሟል አለኝ። አልሐምዱሊላህ፤ ሂክማን እስክትደነግጥ ሳምኳት።

በአረፋ ዕለት ለአማላጅነቷ እትዬ ራህመት ፊት አንድ ጣባ ክትፎ አቀረብኩ። ብረቱ እንደገባ ይወጣል ይበል ሙባረክ። የእኔዋ አማላጅ ግን ከተቀመጠችበት ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋት። ጣባውን ጥርግ አድርጋ አጽድታ ስለመለሰችልኝ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ሳላጥብ መደርደሪያ ላይ መለስኩ።