የፊንባር ማጊል የተከለከለ ድምፅ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ለንደን ያለው መንግሥት ይህን በጥልቀት አጥንቶ፣ አፋፉን ትቶ አፉን ለመያዝ ወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ የሚታገሉ ሪፐብሊካን ታጣቂዎችና ደጋፊዎቻቸው በሬዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን በገዛ ድምፃቸው እንዳይሰሙ ታገደ። ፊታቸው ይታያል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ያሉትም ሁሉ አንድ ቃል ሳይጎድል ይነገራል። የሚናገረው ግን ተዋናይ ነው። አደጋው ያለው በሐሳቡ ሳይሆን በጉሮሮው መሆኑን የደረሰበት መንግሥት ከዚያ በፊት አልነበረም።

ቤልፋስት ውስጥ ይህ ጥበብ ከጎበኛቸው ሰዎች አንዱ ፊንባር ማጊል ነበር። ፊንባር የማይናወጠው ሪፐብሊካዊ ንቅናቄ መሪና ቃል አቀባይ ነው። ንቅናቄው ሳይናወጥ አራት ጊዜ ተሰንጥቋል። የመጨረሻው ስንጥቅ የመጣው በፋሲካ የሰማዕታት መታሰቢያ ላይ ባንዲራው ከሰልፉ ፊት ይሁን ወይስ መሐል በሚል፣ ሊታረቅ በማይችል የመርሕ ልዩነት ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ፊንባር፣ ግድግዳ ለሳኙ ዩናንና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የፊንባር ታላቅ እህት አትራክታ። አንድ ጠመንጃም ነበራቸው። የቀበረው ሰው ግን በሦስተኛው ስንጥቅ ከሌላው ወገን ጋር ሄዷል፤ ቦታውን አልናገርም ብሏል።

ለዚህ ሁሉ ግርማ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ የመሪው ድምፅ። ቀጭን ነው። ሊፈላ የደረሰ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ፊንባር ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ነጻነት በተናገረ ቁጥር ሰዎች ዞር ብለው ምድጃውን ያዩ ነበር። የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ አፉን ሲከፍት ሰው ዝም ብሎ እንዲያዳምጠው።

እገዳው ይህን ሰጠው።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ለፊንባር ከንፈር አምብሮዝ ክዊግ የሚባል ተዋናይ መደበለት። አምብሮዝ ከወንዙ ማዶ፣ ከተቃራኒው ወገን ያደገ ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ቲያትር ቤት ንጉሥ ሆኖ ይተውን ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ፊንባር በቴሌቪዥን «አንንበረከክም» ሲል፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ያነሣ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

«አንተ ነህ ይሄ?» አለው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት።

ፊንባር ሊመልስ አፉን ከፈተ። አሰበና ዘጋው። ራሱን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀ።

በሳምንቱ አሥራ አንድ ሰዎች በአባልነት ተመዘገቡ። ፊንባርም ከቤቱ ውጭ መናገር አቆመ፤ ሰዎችም «ጥልቅ ሰው ነው» አሉ። በየሰልፉ «ድምፃችን ይመለስ» የሚል ሰሌዳ ይዞ ከሁሉ ፊት ይቆማል፤ ልመናው እንዳይሰማለት እየጸለየ።

ከአምብሮዝ ጋር የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጣቢያው ኮሪደር ላይ።

«አቶ ማጊል፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ ተዋናዩ። «‹ትግላችን› ካሉ በኋላ ትንሽ ቆም ይበሉልኝ። ከንፈርዎ ይቀድመኛል።»

«ለትግሉ ከጠቀመ ምን ገዶኝ» አለ ፊንባር በሹክሹክታ።

በዚህ መልክ ስድስት ዓመት ተባብረው ታገሉ። ከዕለታት አንድ ጠዋት አትራክታ ሻይ እየቀዳች «እንኳን ደስ አላችሁ፤ እገዳው ተነሣ» አለች።

ፊንባር የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ምን አስቸኮላቸው?»

«ስድስት ዓመት ‹ድምፃችን ይመለስ› ስትል አልነበር?»

«በጽሑፍ ነው ያልኩት።»

«ጓድ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብትልስ?» አለ ዩናን።

«እውነት ይዞት ቢሆን ደግ ነበር» አለች አትራክታ፤ «ድምፁን ትንሽ ያጎረንነው ነበር።»

በማግሥቱ ፊንባር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ እገዳው መነሣቱ ንቅናቄውን ዝም ለማሰኘት የተሸረበ ሴራ መሆኑን በገዛ ድምፁ አወገዘ። የጣቢያው ስልክ አላርፍ አለ። የተቆጡ ተመልካቾች፣ በአንድ የተከበረ ታጋይ ላይ የማሾፊያ ድምፅ መለጠፉ ነውር ነው፤ ሳንሱር ይብቃ አሉ። አሥራ አንዱ አባላትም በአስቸኳይ ተሰብስበው፣ የታየው ሰው አስመሳይ እንደሆነ፣ እውነተኛውን ፊንባር ግን እንግሊዞች እንደሰወሩት በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ንቅናቄው ለአምስተኛ ጊዜ ተሰነጠቀ። አዲሱ ክንፍ አምብሮዝን ቃል አቀባይ እንዲሆን ለመነው፤ እሱ ግን ለገና ተውኔት ሁለት ሰው ገብቶ የሚጫወታት ላም የኋላ እግሮች ሆኖ ልምምድ ስለጀመረ ጊዜ እንደሌለው በትሕትና ገለጸ።

ፊንባር ጣቢያው ሄደ። «ለምን አትጠሩኝም?» አለ የዜና አዘጋጁን።

«አየህ ወንድሜ፣ ክልክል ሳለህ ብታስነጥስም ዜና ነበርክ። አሁን አንድ ነገር ማለት ይጠበቅብሃል።»

ስለዚህ ፊንባር ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ጻፈ። አደገኛ ሰው መሆኑን ዘረዘረ፤ ጠመንጃውንም ጠቀሰ፤ ቦታውን እንደማያውቅ ግን አልደበቀም። እገዳው ለእሱ ብቻ እንዲቀጥልለት ለመነ። መልሱ በወሩ መጣ፤ አትራክታም ለጉባኤው አነበበችው።

«ድምፅዎ እንዲታገድልዎ ማመልከትዎ ይታወሳል። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ቀረጻውን ሦስት ጊዜ ያዳመጠ ሲሆን፣ ለሕዝብ ደኅንነት የሚያሰጋ ምንም ነገር አላገኘበትም። ስለሆነም የመናገር ነጻነትዎ የጸና መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

ፊንባር ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል፤ ደረቱን ነፍቷል። «ይህ ግፍ ነው» ብሎ ጀመረ፤ «እስከ መጨረሻው እንታገለዋለን፤ ትግላችን…» አለና እንደ ልማዱ ትንሽ ቆም አለ።

ዩናን ተነሥቶ ማንቆርቆሪያውን ሊያወርድ ሄደ። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።