ጉብኝት የበዛበት በቆሎ

ሞዴል አርሶ አደር ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቦንጋ በግብርና ቢሮ ሳገለግል ሥራዬ እንግዳ ይዤ እዚያ መሄድ ነበር። ደካ ከሚባለው ቦታ አጠገብ የሚኖሩት ጋሽ ኮጪቶ በቆሎ በመስመር ዘርተው «ሞዴል» ከተባሉ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ እንጎበኛቸው ነበር። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው መሰሏችሁ? መኪናችን ኮረብታው ላይ ብቅ ስትል ዝንጀሮ ከሚጠብቁበት ማማ ወርደው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ደጅ ላይ ቆመው ይቀበሉናል። ከዚያ «ፓኬጅ» እና «ተሞክሮ» የሚባሉትን ነገሮች ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይበልጥ አሳምረው ያስረዳሉ።

አንድ ቀን ብዙ እንግዳ ይዘን ሄድን። ጋሽ ኮጪቶ ግማሽ ቀን አስረዱ፤ እኛም ግማሽ ቀን ጻፍን። በመጨረሻ «እስቲ ማሳውን እንየው» ተባለና ወደ ጓሮ ዞርን። መስመሩስ እንደተባለው ቀጥ ያለ ነው። የዓመት ቀለባቸው ግን አልቆ የቀረው አገዳ ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የወጥ ጭልፋ እንደያዙ ወጡ።

«ዝንጀሮዎቹ መኪናችሁን ለይተዋታል» አሉን ቀስ ብለው። «እሷ ስትመጣ እሱ ከማማው እንደሚወርድ ያውቃሉ። እኔም የእናንተን ምሳ ስሠራ ማን ይጠብቅ?»

ጋሽ ኮጪቶ ባለቤታቸው እኛን ያሳፈሩን መስሏቸው አቀረቀሩ። «እንግዳ ደጅ አቁሜ ማማ ላይ ልቀመጥ?» አሉ።

ቢሮ ተመልሼ «ጉብኝቱ ብዙ ትምህርት የተቀሰመበት ነበር» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። አልዋሸሁም። ትምህርቱን ማን እንደቀሰመ ፎርሙ አይጠይቅም።