አቶ ጣሰው ሽማግሌ ይዘው ገንዘብ ያዥ ያመጡበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ መጋቢት፣ በአቦ ማግስት እሁድ ቀን፣ ሰይፈሥላሴ በቃሊቲው «ፋና ለነገ» የወጣቶች ትምህርት ማኅበር ላይ ሊቀመንበር ሆኖ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ውሃ በፈረቃ መብራት በዕድል በሚመጣበት ወራት፣ የክር ፋብሪካው የቀድሞ ጥበቃ፣ የስድስተኛ ክፍል ምሩቅ፣ ትዕግሥተ ሰፊውና ቂመ ረጅሙ አቶ ጣሰው በሰው ፊት ተዋረዱ። ያዋረዳቸውም ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ቦታው የማኅበሩ ቢሮ ነው፤ ምስክሮቹም የቦርዱ አባላት በሙሉ፣ ደግሞም ሻይ ይዛ የገባችው መሰለች ናቸው። ኋላ ማንም ተነሥቶ «እኔ አልነበርኩም» እንዳይል እዚህ ላይ ተጽፏል።

ነገሩም እንዲህ ነበር። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ባሏን ተከትላ አዳማ ገባች። ባንኩም ያለ ገንዘብ ያዥ ፊርማ አንዲት ሳንቲም አላንቀሳቅስም አለ። የማስጠኛው ቤት አከራይ በበኩሉ እስከ ፋሲካ ኪራዩ ካልተከፈለው ቤቱን ለጎሚስታ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ጎማ ጠጋኙም መጥቶ ግድግዳውን ለክቶ ሄደ። ማታ ማታ እዚያ ቤት የሚያጠኑት ልጆች ደግሞ የአገር አቀፍ ፈተና ደርሶባቸዋል። ቦርዱ በዚህ ተጨንቆ ሳለ አቶ ጣሰው እጃቸውን አውጥተው ሰው እኔ ልፈልግ አሉ። ያን ጊዜ ሊቀመንበር ሰይፈሥላሴ መነጽሩን አውልቆ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ጣሰው፣ አንተ ወንበሩን ደርድር። ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው።»

አንቱ የሚባለውን ሽበታም ሰው አንተ አለው። ጸሐፊው ብሩህም ሳቀ፤ ሳልኩ እንጂ አልሳቅሁም ቢልም ስቋል።

ይህም የመጀመሪያው አልነበረም። ባለፈው ዓመት በምረቃው በዓል ምስጋና ሲነበብ የድንኳን አከራዩ ስም እንኳ ተጠርቶ የአቶ ጣሰው ስም ተዘሏል። ከዚያ በፊት ደግሞ የማኅበሩ ፎቶ በሸራ ታትሞ ሲሰቀል ፊታቸው ተቆርጦ የቀኝ ትከሻቸው ብቻ ቀርቷል፤ ትከሻው የማን እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። እነዚያን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው አልፈዋል። በዚያች እሁድ ግን ተነሥተው ቆሙና በተራቸው አወጁ፦

«ለፋሲካ ገንዘብ ያዥ ካላመጣሁ ወንበሬን ለቅቄ ከዚህ ቦርድ እወጣለሁ። ሰማችሁ አይደል?»

ሰሙ። ብሩህም በቃለ ጉባኤ አሰፈረው፤ እንዲህ ያለውን ሲሆን ለመጻፍ ማን ይቀድመዋል። የልጆቹ ማስጠኛና የአቶ ጣሰው ወንበር በአንድ ገመድ የታሰሩት ያን ዕለት ነው።

ወእምዝ ሊቀመንበሩ ሰው ቀድሞ ለማግኘት በራሱ መንገድ ዘመተ። በቴሌግራም «ራእይ ያለው፣ በጎ ፈቃደኛ፣ በቡድን የሚሠራ» የሚል ማስታወቂያ ለቀቀ። አንድ የባንክ ሰው እሺ በደስታ ብሎ ስልኩን ዘጋ። አንድ የኮሌጅ መምህር እሺ አስብበታለሁ አለ፤ አሁንም እያሰበበት ነው። አንዲት የተከበረች ወይዘሮ ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥታ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ስለ ቼክ ፊርማ ሲነገራት ስልክ ላንሣ ብላ ወጣች፤ ጥሪው ረጅም ሳይሆን አልቀረም፣ አልተመለሰችም። የእኛ አገር ሰው እምቢ አይልም፤ እሺ ብሎ ይቀራል እንጂ። የሊቀመንበሩም ሠራዊት በእሺ ብዛት ተሸነፈ።

አቶ ጣሰው ግን ሌላ ዘዴ ስለማያውቁ የሚያውቁትን አደረጉ። በዕድሜያቸው ከሰው ቤት ትልቅ ነገር የለመኑት ባለቤታቸውን ሲያገቡ ብቻ ነው፤ ያኔ የሠራው ሽማግሌ አሁን የማይሠራበት ምክንያት አልታያቸውም። ስለዚህ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ኖረው ጡረታ ወደ ወጡት፣ ሳሪስ አቦ ከገበያው ጀርባ ወደሚኖሩት የስልጤው ተወላጅ ወደ አቶ ዘካሪያስ ሽማግሌ ይዘው ሊዘምቱ ቆረጡ።

የተከተሏቸውም መኳንንት ስም ይህ ነው። በፊት የሚሄዱት ሐጂ ሳህሌ ናቸው፤ የሳሪስ ጨርቅ ነጋዴ፣ ባለ ከዘራ፣ እርሳቸው ለልመና የቆሙበት ደጅ ሁሉ ሠርግ የተደገሰበት፣ በዚህም ስማቸው እስከ ቂሊንጦ የተሰማ። በቀኝ ኦቦ ቃልቤሳ፤ ከባድ መኪና ይዘው ጅቡቲ የተመላለሱ፣ ድምፃቸው ከጥሩምባ የማያንስ። በግራ አቶ ቀናው፤ የእድር ዳኛ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ነገር ግን ከምንም ጉዳይ የማይቀሩ። በኋላም ራሳቸው አቶ ጣሰው፣ ከሣጥን የወጣ ጋቢ ለብሰው፣ የናፍታሊኑ ሽታ እየቀደማቸው።

ኢድ ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ ከቃሊቲ በሚኒባስ ተነሡ። መንገዱም ጦርነት ነበር፤ የሲሚንቶ መኪናው አቧራ ከግራ፣ የሲኖትራኩ ጡሩምባ ከቀኝ ገጠማቸው። ረዳቱ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራቱንም ካላስቀመጥኩ አለ፤ አስቀመጣቸውም። ኦቦ ቃልቤሳ ሾፌሩን ማርሽ በቀየረ ቁጥር ስለሚገሥጹት ሾፌሩ ሳሪስ ሳይደርስ አራግፎን ሊሄድ ነው ተብሎ ተፈራ፤ ሐጂ ሳህሌ በምርቃት አበረዱት።

በአቶ ዘካሪያስ ደጅ ደርሰው ባንኳኩ ጊዜ የከፈቱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐጀራ ነበሩ። ወይዘሮዋም የሐጂ ሳህሌን ከዘራ አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች አዩ፣ ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በቤቱ ያላገባች አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟ ዓሊያ ነው፣ ሂሳብ የተማረች፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ። ወይዘሮ ሐጀራ እንግዶቹን አስገብተው ወደ ጓዳ በረሩና ለእህታቸው ስልክ ደወሉ።

እንግዶቹም ግቡ ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥ አሉ። ሥርዓቱ ነውና፣ ጥያቄው ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ወይዘሮ ሐጀራ የእንግዶቹን ሁዳዴ አስበው የምስር ሳንቡሳ አቀረቡ፤ ሳንቡሳው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እነርሱ ቆመው ተያዩ። የአቶ ቀናው እግር እየተንቀጠቀጠ ነበር። አቶ ዘካሪያስም ከመስጊድ እንደተመለሱ ገብተው ሁሉንም አዩ። ሐጂ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ደግ ቤት፣ ስለ ወገንና ስለ ጉርብትና ሲናገሩ፣ የለመዱት ነውና፣ ከሠርግ ልመና አንዲት ቃል የተለየ አልወጣቸውም። ገና ወደ ጉዳዩ ሳይደርሱ አቶ ዘካሪያስ አወጁ፦

«ሐጂ፣ እርስዎ የቆሙበትን ደጅ እኔ ማነኝና እመልሳለሁ? ልጄ ከወደደች ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳም እልልታ ተሰማ።

በዚያች ሰዓት ሽማግሌዎቹ መውጫ አጡ። ልጅዎን ልንጠይቅ አይደለም የመጣነው ቢሉ የሰው ቤት ማዋረድ ነው፤ እናመሰግናለን ቢሉ ልጅቷን ለማን ሊድሩ ነው? ኦቦ ቃልቤሳ ጣሪያውን አዩ፤ አቶ ቀናው ሳንቡሳውን አዩ። ሐጂ ሳህሌ፣ ያ ሁሉ ሠርግ ያለፈባቸው ሰው፣ ከዘራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። ወንበራቸው የተያዘባቸው አቶ ጣሰው ግን አዳማ የገባችውን ገንዘብ ያዥ፣ ግድግዳ የለካውን ጎማ ጠጋኝ፣ ሳልኩ ያለውንም ብሩህ በአንድነት አሰቡና፣ ሊለምኗቸው የመጡትን አባት ትተው የተሰጠቻቸውን ልጅ ሊቀበሉ በልባቸው ወሰኑ። ወደፊት አንድ እርምጃ ተራምደው አወጁ፦

«የሰጣችሁንን ተቀብለናል። ባል ግን የለንም። የጠየቅነው ለቃሊቲ ልጆች ማኅበር ነው፤ ገንዘብ ያዥ ትሁንልን። በነፃ ነው፣ ደሞዝ የለውም፤ ይሄንንም አልደብቅም።»

 የጓዳው እልልታ ቀጥ አለ፤ ወይዘሮ ሐጀራም ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ፣ እህታቸው በስልኩ ውስጥ ሠርጉ መቼ ነው እያሉ። ማን መጀመሪያ እንደሳቀ አይታወቅም፤ የተረጋገጠው ብሩህ በዚያ እንዳልነበረ ነው። ያን ጊዜ ዓሊያ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ስትሰማ ቆይታ ነበር፤ እንዲህም ስትል አወጀች፦

«እኔ እኮ ባል መስሎኝ እምቢ ልል ተዘጋጅቼ ነበር፣ ጋሼ። ለሂሳቡ ከሆነ እሺ። እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምመጣው።»

እሺ የሚለው ቃል በተሰማ ጊዜ የአቶ ጣሰው ልብ ወደቀ፤ ስንት እሺ አይተዋልና። አባቷ ግን ይህን ከፊታቸው አንብበው፣ በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም፣ እኔ እራሴ ይዣት እመጣለሁ አሉ። ሐጂ ሳህሌ መረቁ፣ ሁሉም አሚን አሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ የሳንቡሳውም ሳሕን ባዶውን ተመለሰ። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ፣ ታላቅ ደስታም ሆነ። አቶ ቀናው ሦስት ጊዜ ካልተደገፉ አልተነሡም።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው እሁድ ዓሊያ በአባቷ ታጅባ ወደ ቦርዱ ገባች። ፊርማዋም በሳምንቱ ውስጥ ባንክ ደርሶ ጸደቀ። በሆሳዕና ዕለት ቦርዱ ሲሰበሰብ ሊቀመንበር ሰይፈሥላሴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ስለ አመራሩ ጥረት፣ ስለ ቴሌግራሙ ማስታወቂያም ረጅም ንግግር አደረገ፤ የአቶ ጣሰውን ስም አላነሣም። ንግግሩን ጨርሶም የቼክ ደብተሩን ወደ ዓሊያ ገፋ አድርጎ፣ እህቴ በየጊዜው እንዳትለፊ ሁሉም ላይ አሁኑኑ ፈርመሽ አስቀምጪልን አላት፤ እስከዛሬ የተሠራው እንደዚያ ነበርና። ዓሊያ የመጀመሪያውን ቅጠል ብቻ ገልጣ፣ የአከራዩን ስምና የኪራዩን ልክ ራሱ ሊቀመንበሩ እስኪጽፍበት ጠበቀች፣ ከዚያ ፈረመች። የማስጠኛውም ቤት ዳነ። የቀረውን ደብተር ባዶውን መለሰችለትና አወጀች፦

«ባዶ ቼክ ላይ አልፈርምም፣ አቶ ሰይፈሥላሴ። ሲጻፍ ይደወልልኝ።»

 ሊቀመንበሩ ደብተሩን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ቀጥሎም ከዚያች እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ አቶ ጣሰው አዞረ፤ ድምፁም ቀጥኖ ነበር፦

«ጋሽ ጣሰው፣ ይህችን ከየት ነው ያመጡብን?»

አንቱ አላቸው። የቦርዱ አባላት በሙሉ ሰምተዋል፤ መሰለችም ሻዩን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። አቶ ጣሰው ሊመልሱለት የሚችሉት ብዙ ነበር። ስለ ድንኳን አከራዩ የሚሉት ነበራቸው፣ ስለ ትከሻውም ነበራቸው፣ ለብሩህ ሳቅ ብቻውን አንድ ሰዓት የሚወስድ ነበራቸው፤ ስንት ሌሊት አልጋቸው ላይ ተገላብጠው ያሰናዱት ነው። ነገር ግን የክር ፋብሪካው በር ጠባቂ፣ ደጅ ቆሞ ያላፈረ፣ ባል ሳይኖረው ሙሽራ የተቀበለ፣ ሊቃውንት በማስታወቂያ ያላገኙትን በጋቢ ያመጣ፣ የቃሊቲ ልጆች መብራት፣ ከሳሪስ እስከ ቂሊንጦ አቻ ያልተገኘለት መዋዒው፣ ድል አድራጊው ጣሰው ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አንሥተው፣ አቧራውን በክርናቸው ጠራርገው፣ ራሳቸው ላይ አስተካክለው ደፉና አንዲት ቃል ሳይመልሱ ወጥተው ሄዱ።