ሊቀ ጆሮ እና የጌም ዜማዎቻቸው

ጆሮዎ የራስዎ ንብረት የሚመስልዎት ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ሰው ገና አልገጠመዎትም ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ ቤት፣ በየአውቶቡሱ አንድ አለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ የኢርፎኑን አንድ ወገን ከራሱ ጆሮ ነቅሎ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ ወደ እርስዎ ጆሮ ይዘረጋዋል። «ይቺን ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንደ እሱ ያዋረዳት የለም።

የኛው ሊቀ ጆሮ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ የሚያውቃቸው «የዲጂታል ቅጂ ባለሙያ» እያለ ነው። እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። እሳቸው በዚያው ምድር ቤት፣ ከጠረጴዛዬ በሦስት እርምጃ ርቀት፣ ያረጁ ሰነዶችንና ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ሌላው የሰው ልጅ የሚያዳምጠውን ሙዚቃ ሲያዳምጡ አንድ ቀን አላየኋቸውም። የሳቸው ሙዚቃ የጌም ሙዚቃ ነው። አዎ፣ ልጆች ቁልፍ ሲቀጠቅጡ ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው፣ እናቶች «ቀንሱት እንጂ!» የሚሉት እሱ።

ሳይሰሟቸው መሞት የማይገባ መቶ አሥራ ሁለት ዜማዎች የተጻፉበት ዝርዝር አላቸው። ሙያዬ ነውና ዝርዝሩን ተቀብዬ መረመርኩት። ቀን የለውም። ምንጭ የለውም። አርእስቶቹ «የሱቋ»፣ «የውሃ ውስጧ»፣ «ያቺ» ይላሉ። «ያቺ» በአሥራ አራተኛ፣ በሠላሳ ሰባተኛና በዘጠናኛ ተራ ላይ ተመዝግባለች።

«ይቺ ያቺ የቷ ናት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያቺ ናታ!» አሉኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ምን ስማር እንደከረምኩ እየገረማቸው።

«የሱቋ» ተጫዋቹ ሰይፍ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ የምትሰማዋ ናት። «እስኪ አስቢው አለቃ፣» አሉኝ፤ «ባለሱቁ በዚያ ሁሉ ጭራቅ መሀል ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል። ከአንቺ በቀር ደንበኛ የለውም። ግን ስሚያት፣ ተስፋ አልቆረጠም!» ሰማኋት። አንድ ሰው ብርጭቆ በማንኪያ ሲመታ ሰማሁ። ተስፋውን አላገኘሁትም።

«የውሃ ውስጧ» ደግሞ መጀመሪያ በየብስ የሰማናት ዜማ ናት፤ ውሃ ስትገባ ቀስ ትላለች፣ አየር ሊያልቅ ሲል ትጣደፋለች። «ልብሽም አብሯት ይጣደፋል!» ይላሉ ሊቀ ጆሮ፣ የልብ ድካም የምሥራች ይመስል። የድሮዎቹ መጫወቻዎች በአንድ ጊዜ ከሦስት አራት ድምፅ በላይ ማውጣት እንደማይችሉም በየሳምንቱ ያስታውሱናል። «በሦስት ድምፅ ሠራዊት ያዘመቱ ሰዎች ናቸው፣ አለቃ! በሦስት!» በዚያ ምድር ቤት ውስጥ በአንድ ድምፅ ሠራዊት የሚያዘምት ሰው እንዳለ ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት።

በሳቸው ፍርድ ከሁሉም የተበደለችው «የመሸነፊያዋ» ናት። ስድስት ሰከንድ ናት፤ ተጫዋቹ ሲሞት ትሰማለች። «ምድር ላይ እንደሷ የተሰማ ሙዚቃ የለም፤ አንድም ሰው ግን ቆሞ አላጨበጨበላትም» ይላሉ። አንድ ቀን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ዕቅዳችን አርባ አንድ በመቶ መፈጸሙን አስታውቀው ውሃ ሲጎነጩ፣ ከሊቀ ጆሮ ኪስ ውስጥ ስድስቱ ሰከንዶች ተሰሙ። በስህተት ነው ብለው ማሉ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ፤ መመዝገብ አለበት ወይስ የለበትም ብዬ ጥቂት ተጨነቅሁ። መዘገብኩት።

አንድ ሕግ አላቸው፦ ዜማ እየሄደ አይወራም። የሚያወራ ሰው ሲገኝ ጣታቸው ወደ ላይ ይቆማል፣ ዓይናቸው ይጨፈናል። ጽዳት የምትሠራው እትዬ ብቻ ናት ይህን ሕግ የማትፈራው።

«ልጄ፣ እግርህን አንሳ ልጥረግበት።»

«እትዬ፣ መግቢያው ላይ ነን፤ ሃያ ሰከንድ!»

«አንተ መግቢያው ላይ ሁን፤ ቆሻሻው በሩ ላይ ነው።»

ይህ ሁሉ ባያስቀይምም፣ አንዴ ግን አምርረን ተጣልተናል። ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ትዝታ የያዙ አርባ ካሴቶች እንዲገለብጡ ሰጥቻቸው ነበር። ሲመልሱልኝ አንድ የባቡር ሠራተኛ ሲናገር ሰማሁ፤ ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ጠርቷል።

«ሳሉ የታለ?» አልኩ።

«አጸዳሁልሽ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሳሉንም፣ ሰዓቱንም፣ የወንበሩንም ሲጥ ሲጥ። ጫጫታ እኮ ነው።»

ሰውየው የሞተው በዚያው ሳል ነው። ከሰል ሲያራግፍ የኖረበት ሠላሳ ዓመት በቃሉ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቀረው ሳሉ ውስጥ ነበር። አርባውንም ካሴት ከዋናው እንደገና አስገለበጥኳቸው። ሳያጉረመርሙ ሠሩት፤ የሱቋን እያንጎራጎሩ።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሞተ። ሰው ሁሉ መጥቶ በእንዲህ ያለ ቀን የሚባለውን አለ። ሊቀ ጆሮም መጡ። ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠው አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ፤ በሕይወት ታሪካቸው ያልታየ ነው። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«አለቃ… ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምትሆን አንዲት አለች። በረዶ ላይ ብቻሽን ስትሄጂ የምትሰማ። አራት ድምፅ፣ ከዚያ ዝም። ከዚያ አራት ድምፅ።»

አክስቴ በሩን አየችው። እኔ «ሌላ ጊዜ» አልኩ።

የወንድሜን ዕቃ የለየሁት እኔ ነኝ፤ በቤተሰባችን ውስጥ ዕቃ መለየት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ተብሎ። ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ አንድ ካሴት አገኘሁ። በእርሳስ «የጌም ሙዚቃ፤ እንዳትነኩ» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የተቆጠሩ አርእስቶች አሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተሰርዘዋል።

ካሴቱን አወቅሁት። ወንድሜ አሥራ ሦስት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቴፑን ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እየተጫወተ ሙዚቃውን ይቀዳ ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ በእግር ጣት እንዲሄድ ታዟል። ይህን ካሴት ሲቀዳ እያለቀስኩ ከትምህርት ቤት መጣሁ፤ ወንድሜም ከክፍሉ አስወጣኝ። ይህን በደል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየአጋጣሚው አነሳሁበት። እሱም ይስቅ ነበር እንጂ አንድ ቀን አልካደም።

የልጅነት ድምፁ ከዚያ ካሴት በቀር የትም የለም። የጎልማሳነቱም ቢሆን ስልኬ ውስጥ ያሉት አራት መልእክቶች ናቸው፤ አራቱም «ሲመችሽ ደውዪልኝ» ይላሉ። ሲመቸኝ።

ካሴቱ ሻግቷል፤ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ተሳስቶ አንዴ ከተበጠሰ አበቃ። እንዲህ ያለውን ማዳን የሚችል ሰው በማውቀው ዓለም ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዜማ ላይ የሚያወራ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ብሎ የሚያምን፣ የሟች ሳል የሚያጸዳ ሰው። አንድ ገጽ መመሪያ ጻፍኩላቸው፦ የድስት፣ የበር፣ የወንበር፣ የሰው ድምፅ፣ ምንም ከካሴቱ አይጸዳም። ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠኋቸው።

«አደራ፣» አልኩ። «ሙዚቃው ይጥፋ፤ ወንድሜን እንዳያጸዱብኝ።»

አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስለ ዝርዝራቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ክሩን በእጃቸው እየፈቱ ወደ አዲስ ቀፎ ሲያዛውሩ አየሁ፤ በሰዓት የሁለት ክንድ ያህል። በነዚያ ቀናት ምድር ቤቱ ውስጥ ምንም ዜማ አልተሰማም። እትዬ እንኳ ደንግጣ «ይኼ ልጅ አሞት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

በመጨረሻ ፍላሽና አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ወረቀቱ የኛው የይዘት መግለጫ ቅጽ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ «በኋላ እሞላዋለሁ» ሲሉት የኖሩት ቅጽ። ከላይ እስከ ታች፣ በሰከንድ፣ ተሞልቷል። ዜማው የት እንደገባ፣ በሩ የት እንደተከፈተ፣ ድስት የት እንደወደቀ። ሥርዝ ድልዝ የለውም። እኔ ራሴ የምፈርምበት ዓይነት ሥራ ነው።

ከግርጌው፣ «የባለሙያ አስተያየት» በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ እንዲህ ተጽፏል፦

«ቀጂው እያንዳንዱን ዜማ ሁለት ሁለት ጊዜ እያዞረ ቀድቷል፤ አሥራ ሁለቱ በዚህ ልክ ካሴቱን ይሞሉታል። አሥረኛዋ ግን የመተላለፊያ ዜማ ናት፤ መተላለፊያው በአርባ ሰከንድ ይታለፋል። እዚህ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ዞራለች። ተጫዋቹ አልተመታም፣ አልዘለለም፣ አልተራመደም። መጫወቻውን ከእጁ አስቀምጧል። ቦታ ስላለቀ አሥራ አንደኛዋና አሥራ ሁለተኛዋ አልተቀዱም። አሥራ ሁለተኛዋ የመጨረሻዋ ናት፤ እዚያ ለመድረስ ወራት ይፈጃል።»

ኢርፎኑን ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ወገን።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ገባች፤ ድምፄን በጭራሽ አላወቅሁትም ነበር። ጓደኛዋ ከእንግዲህ አብሬሽ አልቀመጥም ብላታለች፤ ምክንያቱን ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት ጀመረች። መዝገብ ያዥ የመሆን ዝንባሌዋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አሰልቺ ነበር፤ የማን ደብተር በማን ወንበር ላይ እንደነበር አንድም አልቀረም። ዜማዋ ከኋላ ትዞራለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል ወንድሜ። ሊጎረንን ትንሽ የቀረው ድምፅ።

ልጅቷ ትቀጥላለች። ዜማዋ ትዞራለች።

«እሷስ ምን አለች? … ነይ እዚህ ተቀመጪ። እሺ፣ ከዚያስ?»

ስድስት ደቂቃ። አንዴም «ውጪ» አላለኝም። ከዚያ ቀጭ አለ፤ ካሴቱ አለቀ።

ኢርፎኑን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሊቀ ጆሮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያዩ ነበር። አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ይህ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣» አልኩ፤ «ሙዚቃዋን አልሰማኋትም።»

«እኔም አልሰማኋትም» አሉ።

ዜማዋን በሰከንድ የቆጠሩባት ወረቀት በመሀላችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ሳላርም ያለፍኩት ቃል ይህ ብቻ ነው።