በር ላይ የቆሙት አድሚራል

አገር የሚወድቀው ሹም ሲያጣ ሳይሆን ሥርዓት ሲያጣ ነው ይላሉ አበው። አበው ባይሉም የኛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይለዋል፤ ማኅተምም አለበት። እኔም ከተማችንን ከውድቀት ያዳነውን ሥርዓት ላመሰግን ተነሥቻለሁ። ከተማችን ከመካነ ሰላም በሚኒባስ ሁለት ሰዓት፣ ሚኒባሱን ጭቃ ከያዘው ደግሞ ሁለት ቀን ትርቃለች። ስሟን አልጠራም፤ በምስጋና ብዛት እንዳታፍር።

ባሕር በነበረን ዘመን መርከብ ያዘዙት አድሚራል ቃለ ክርስቶስ፣ ጡረታ ከወጡ ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ግን ዛሬም እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። ከተማው ሆ ብሎ ወጥቶ ተቀበላቸው። ባሕሩን አስከትለው የመጡ የመሰለው ሰውም ስለነበር፣ ጄሪካን ይዞ የወጣ አልጠፋም።

"ምን እንታዘዝ፣ ጋሼ?" አሏቸው።

"ሂሳብ ላስተምር። ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የሂሳብ መምህር የለውም ሲሉ ሰማሁ። ክፍያ አልፈልግም።"

ሕዝቡ ደነገጠ። እውነት ነው፣ የሂሳብ መምህር የለንም። የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ግን አንድም ቀን ተጓድሎ አያውቅም። ደወሉ በሰዓቱ ይደወላል፤ ተማሪው በሰዓቱ ይቀመጣል፤ ባዶውን ሰሌዳ አርባ ደቂቃ አይቶ በሰዓቱ ይነሣል። ከዚህ በላይ ምን ሥርዓት አለ?

በዚህ ሥርዓት ያልረካች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የስምንተኛ ክፍሏ ሀጀራ። አባቷ ሙሐመድኑር ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቷል፦ "ፈተናውን ካለፈች ትማር። ከወደቀች ጅዳ አክስቷ ዘንድ ሄዳ የሰው ቤት ትሠራለች። ወላሂ፣ ሌላ ቃል የለኝም!" ሀጀራ በሌላው ትምህርት ሁሉ አንደኛ ናት። ሂሳብ ላይ ግን እንደ ጓደኞቿ ሰሌዳውን ብቻ ነው የምታውቀው።

አድሚራሉ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጀማሉዲን ዘንድ ሄዱ።

"ክቡርነትዎ፣ ይህማ አይሆንም!" አሉ ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ጠመኔ ያቆሽሽዎታል።"

"ባሩድ ያላቆሸሸኝን?"

"ደግሞ የማስተማር ብቃት ማረጋገጫ የለዎትም።"

"ኮከብ እያየሁ ስንት ባሕር አቋርጫለሁ እኮ። ያ ሁሉ ሂሳብ ነው።"

"ምስክር ወረቀት አለው?"

"ኮከቡ?"

"ማስተማሩ፣ ጋሼ። ዕድሜዎም አልፏል። በነጻ ማስተማር የሚባል መደብም የለንም። ግን አብሽሩ፤ ለርስዎ የሚመጥን ክብር እኛ እንፈልጋለን።"

ፈለጉም። ክንድ ያለው ወንበር አስመጡና በየስብሰባው ከፊት አስቀመጧቸው። የጤና ቀን፣ የችግኝ ቀን፣ የእጅ መታጠብ ቀን፤ አድሚራሉ የማይቀመጡበት ቀን ጠፋ። የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት ሪባን ሲያስቆርጧቸው አቶ ጀማሉዲን፣ "ክቡር አድሚራል የማይነጥፍ ሀብታችን ናቸው፤ ሀብት ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይነካም!" ብለው ንግግር አደረጉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሀጀራም አጨበጨበች፤ ፈተናው ስድስት ወር ቀርቶታል።

በዚያው ቀን ርዕሰ መምህርቷ ብርሀንነሽ አድሚራሉን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻቸው።

"ጋሼ፣ ክፍት መደብ አንድ አለኝ። ግን ልጠራው አፌ አይችልም።"

"በይ ጥሪው።"

"ዘበኛ።"

"ስንት ክፍል ይጠይቃል?"

"አራተኛ።"

"ዕድሜስ?"

"ለመምህርነት አልፎብዎታል። ለዘበኝነት ግን ገና ጎረምሳ ነዎት።"

በማግስቱ ፈረሙ። ጽሕፈት ቤቱ የዘበኛ ብዛት እንጂ የዘበኛ ስም አያነብም። አቶ ጀማሉዲንም በመኪና ሲገቡ የሚታያቸው የሚከፈተው በር እንጂ የሚከፍተው ሰው አይደለም። ስለዚህ ከጽሕፈት ቤቱ ማንም አላወቀ፤ ክንድ ያለው ወንበርም በየስብሰባው ባዶውን ከፊት ይከበር ጀመር።

የዘበኛ ሥራ ፍተሻ ነው። አድሚራሉም ሥራቸውን እንደ ወታደር ያዙት።

"ቁሚ! ምን ይዘሻል?" አሏት አርፍዳ የመጣችውን ሀጀራን።

"ደብተርና ቆሎ፣ ጋሼ።"

"ጭንቅላትሽ ውስጥስ? ሦስት አምስተኛና አንድ አሥረኛ ሲደመር ስንት ነው?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው አትገቢም። ነይ፣ ቆሎውን ድንጋዩ ላይ ዘርጊው።"

አሥር ፍሬ ደረደሩ፤ በሁለት በሁለት ከፋፈሉት፤ ሦስቱን ክምር ወሰዱ፤ አንድ ፍሬ ጨመሩ።

"ሰባት አሥረኛ!" ብላ ጮኸች።

በሩ ተከፈተ። ቆሎውን አድሚራሉ ቀረጥ ነው ብለው ቃሙት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንተኛ ክፍል ማርፈድ ያዘ። በሰዓቱ የመጣ ዝም ብሎ ይገባል፤ ያረፈደ ግን ይፈተሻላ! የብረቱ በር በከሰል ቁጥር ተሞላ። የማዶውን ጋራ ቁመት በብትር ጥላ ለኩት። ወላሂ ልንገራችሁ፣ ገበያ ሲመላለስ በዚያ በር የሚያልፍ አንድ አህያ እንኳ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጭነቱ በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ አልንቀሳቀስም ብሎ ባለቤቱን አስቸግሯል።

ጽሕፈት ቤቱ ግን ተጨነቀ። ሪፖርቱ "የማርፈድ ምጣኔው ከአርባ ሁለት ተማሪ አርባ አንድ ደርሷል፤ አስቸኳይ ርብርብ ይሻል" ይላል። በሰዓቱ የሚገባው የአቶ ጀማሉዲን የእህት ልጅ ዑበይዳ ብቻ ነበር፤ የሥርዓት ልጅ።

ፈተናው ተሰጠ፤ ውጤቱ መጣ። ሂሳብን አርባ አንዱ አለፉ። አንድ ወደቀ፤ በሰዓቱ የሚገባው። ሙሐመድኑርም ቃሉን አከበረ፤ ሀጀራ ለዘጠነኛ ክፍል መካነ ሰላም ልትገባ ተሰናዳች።

እንዲህ ያለ ውጤት ሳይመረመር አይታለፍም። ጽሕፈት ቤቱ ምርጥ ተሞክሮ የሚቀምር ቡድን ይዞ መጣ፤ ወላጅና ተማሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ተሰበሰበ።

"የዚህ ስኬት ምሥጢር ምንድን ነው?" ሲሉ አቶ ጀማሉዲን ጠየቁ።

ሀጀራ ተነሣች። "ያስተማሩን የበሩ ዘበኛ ናቸው።"

"ልጄ፣ ዘበኛ አያስተምርም። መደቡ አይፈቅድለትም።"

"አድሚራል ቃለ ክርስቶስ ናቸው እኮ!"

አቶ ጀማሉዲን ዞር ብለው የበሩን ዘበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ያ አላህ! ሀብታችንን በር ላይ ያቆመው ማነው?"

"እኔው ነኝ የቆምኩት" አሉ አድሚራሉ። "አሁንም ልቁም። የሚመጡትም ልጆች አሉ።"

"በፍጹም! ክብርዎ የኛ ክብር ነው።"

ቡድኑ እዚያው ተመካክሮ ሦስት ውሳኔ አሳለፈ። አድሚራሉ ወደ ክንድ ወንበራቸው በክብር ይመለሱ። ብርሀንነሽ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት። ተማሪዎቹ ይህን ውጤት ያመጡት ያለ ሂሳብ መምህር መሆኑ በሰነድ ስለተረጋገጠ፣ ክፍት የነበረው የሂሳብ መምህር መደብ አላስፈላጊ ሆኖ ይታጠፍ። ወላጁም ልጆቻችንን ጎበዞች አሏቸው ብሎ አጨበጨበ።

ዘንድሮ በሩ ላይ የቆመው አዲሱ ዘበኛ ምንም አይጠይቅም። አንድም ተማሪ አያረፍድም፤ ጽሕፈት ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ሸልሟል። ከሁሉ ቀድማ የምትገባው የሀጀራ ታናሽ እህት ሙስሊማ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በሰዓት አክባሪነት አንደኛ ወጥታ የምስክር ወረቀቷን ለአባቷ ስትሰጠው፣ ሙሐመድኑር አገላብጦ አየና ከፓስፖርት ፎቶዋ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ከተተው።

"አብሽሪ፣ ልጄ" አላት። "ሰዓት የሚያከብር ሠራተኛ ጅዳ በጣም ይወደዳል።"